ከግራ ጎድን ሥር

ልጁ በጀርባው ይተኛል፤ ሆዱ እንዲላላ ጉልበቱን ያጥፋል። መርማሪው በቀኙ በኩል ይቀመጥና እጁ ቀዝቅዞ ልጁን እንዳያስደነግጠው መዳፉን ያሻሻል። ከዚያም ጣቶቹን ከእምብርት በታች፣ ወደ ግራ ጠጋ አድርጎ ያሳርፋል። «በደንብ ሳብ አድርገህ ተንፍስ፣ ማሙሽ» ይለዋል። ልጁ አየር በሳበ ቁጥር እጁ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ጎድን አጥንቱ ይጠጋል። ልጁ ጤነኛ ከሆነ ጣቶቹ የሚያገኙት ለስላሳ ሆድ ብቻ ነው። ካልሆነ ግን ከትንፋሹ ጋር አንድ ጠጠር ያለ፣ ጠርዙ የሚለይ ነገር ወረድ ብሎ ጣቱን ይነካዋል። ጣፊያ ነው። መርማሪው ከ0 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይጠራል፤ መዝጋቢው ይጽፋል፤ ቀጣዩ ልጅ ይተኛል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወባ ዘመቻ የሚከፈተው በእንዲህ ያለ ዳሰሳ ነበር። ኢትዮጵያም በ1950ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወባን ቤት በመርጨት መግታት ይቻል እንደሆነ ለመሞከር አራት ቦታዎች መረጠች፦ ጋምቤላ፣ የአዋሽ ሸለቆ፣ የደምቢያ ሜዳ፣ አራተኛው ደግሞ ከቆቦ እስከ ጨርጨር የተዘረጋው የራያ ቆላ። ለመሆኑ ትንኝ ለምታስተላልፈው፣ ደም ውስጥ ለሚኖር በሽታ የሕፃናትን ሆድ መዳሰስ ምን ይፈይዳል? መልሱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው የተገኘ አይደለም። ለብዙ ዘመን በስሕተት ሲነበብ የኖረ አንድ የሰውነት ምልክት እንዴት ትክክለኛ ፍቺውን እንዳገኘ፣ ካገኘም በኋላ እንዴት መልሶ እንዳሳሳተ የሚናገር ታሪክ ነው።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ትገኛለች። በምዕራብ ደጋው ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር ይለያታል። በመካከል ያለው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ጎሊናና ሆርማት ከተራራው ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በወንዙ አሸዋ ላይ፣ በቦዩ ዳር፣ በከብት ኮቴ ዳና ውስጥ ሳይቀር ውኃ ተኝቶ ይቀራል። አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው የአገራችን ዋና የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ጥልቀት በሌለው በእንዲህ ያለ ውኃ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወባውም ይነሣል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የእሸትም የንዳድም ወቅት ነው።

ይህን የአገሬው ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቀው ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ደገኛው ቆላ ወርዶ ያርሳል፤ ፀሐይ ስትቆለቁል ግን ዕቃውን ሸክፎ ወደ ደጋው ይወጣል። ቆላ ማደር ንዳድ ያስይዛል። ምልከታው ትክክል ነበር፤ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከመሸ ነውና። የተጠረጠረው ግን የሌሊቱ አየር ነበር። ፈረንጆቹም ከዚህ የተሻለ አያውቁም፤ «ማላሪያ» የሚለው የጣሊያኖች ስም «መጥፎ አየር» ማለት ነው።

የጣፊያው ነገር ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራተስ፣ በስሙ በሚጠራው ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ ቦታ በሚያትተው ድርሰት ውስጥ፣ ረግረግ ውኃ የሚጠጡ ሰዎች ጣፊያቸው ትልቅና ጠጣር እንደሚሆን ተጽፏል። ረግረግንና ጣፊያን ያገናኘ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጥፋተኛ የተባለው ግን የሚጠጣው ውኃ ነበር እንጂ ውኃው ላይ የምትራባው ትንኝ አልነበረችም። ከእሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣው ጋሌን ጣፊያን የጥቁር ሐሞት ማደሪያ አደረገው፤ ቁጣና ትካዜ ከዚያ ይመነጫሉ ተባለ። የእንግሊዞች ቋንቋ ያን እምነት እስከ ዛሬ ይዞታል፤ «ስፕሊን» ሲሉ ጣፊያም ነው፣ የቆየ ንዴትም ነው። እኛ ቆሽታችን እንደሚያርረው እነሱ ንዴታቸውን የሚያወጡት ከጣፊያ ነው። የቋንቋ ነገር ሆኖ ቢቀር ጉዳት አልነበረውም። ሕክምናው ግን ጣፊያን የጠባይ ዕቃ አድርጎ ሲመለከት፣ ያበጠ ጣፊያ ስለ ሰውየው ጠባይ እንጂ ስለ መንደሩ ምንም የሚናገር አይመስለውም ነበር።

ያ አመለካከት የተለወጠው በመስኖ ሰበብ ነው። በ1840ዎቹ እንግሊዞች በሰሜን ሕንድ ትልቁን የጋንጅስ ቦይ ለመቆፈር ያስባሉ። ነገር ግን ቀደም ብሎ በተከፈተው የምዕራብ ጁምና ቦይ ዳር ያሉ ሰፈሮች በንዳድ ተመትተው ነበርና ነገሩ አሳሰባቸው። በ1845 ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተሰየመ፤ ሁለት መሐንዲሶች፣ ቤከርና ዩል፣ ከእነሱም ጋር ደምፕስተር የተባለ የጦር ሐኪም።

ደምፕስተር የገጠመው ችግር ዛሬም የገጠር ጤና ባለሙያ የሚያውቀው ነው። ንዳድ መጥቶ ይሄዳል። መንደር ገብተህ «ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ታመመ?» ብለህ ብትጠይቅ አንዱ ሁሉም ይላል፣ ሌላው ማንም ይላል። የሞተውን የመዘገበ የለም። ደረቅ ወቅት ላይ ከደረስክ ደግሞ አንድም ትኩሳተኛ ላታገኝ ትችላለህ። ሐኪሙ ያስተዋለው ነገር፣ ትኩሳቱ ቢሄድም ጣፊያው ቶሎ እንደማይመለስ ነው። ስለዚህ ሰው መጠየቁን ትቶ ሆድ መዳሰስ ጀመረ፤ ከቦዩ አጠገብ ባሉ መንደሮችም፣ ከቦዩ በራቁትም፣ ውኃ በሚተኛበትም፣ ውኃ ፈጥኖ በሚወርድበትም። ከዚያ ያበጠውን ካላበጠው እየለየ ቆጠረ።

ቁጥሮቹ ሲነጻጸሩ አገሩ ተከፈለ። ውኃ የሚያቁር ጭቃማ መሬት ላይ ያሉ መንደሮች ባበጠ ጣፊያ ተሞልተው ተገኙ፤ ውኃው በደንብ በሚወርድበት መሬት ላይ ግን ቦዩ ቢያልፍም ጉዳቱ አነስተኛ ነበር። ኮሚቴው በ1847 ባቀረበው ሪፖርት ችግሩ ያለው ቦዩ ላይ ብቻ ሳይሆን የውኃ መውረጃ አለመኖሩ ላይ መሆኑን አስረዳ። ደምፕስተር ስለ ትንኝም ስለ ተውሳክም ምንም አያውቅም ነበር፤ እሱም እንደ ዘመኑ ሰው አየሩን ይወቅስ ነበር። የለወጠው ነገር ቢኖር ጥያቄው ነው። ከእሱ በፊት ያበጠ ጣፊያ የአንድ በሽተኛ ጉዳይ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የአንድ መንደር መለኪያ ሆነ።

በዚያው በ1847 ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪኽ ሜከል የአንድ የአእምሮ ሕመምተኛ አስከሬን ሲመረምር ደሙና ጣፊያው ውስጥ ጥቁር ብናኝ አገኘ። በንዳድ የሞቱ ሰዎች ጣፊያ ጥላሸት እንደሚመስል የኋላ ሐኪሞችም እየደጋገሙ አዩ። ብናኙ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አላወቀም። ያን ጥቁር ብናኝ የሙጥኝ ብሎ የተከተለው አልጄሪያ ውስጥ የሚሠራ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቨራን ነው። ኅዳር 6 ቀን 1880 በኮንስታንቲን ከተማ የአንድ በሽተኛ ወታደር ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ብናኙን በውስጡ ከያዘ ክብ ነገር ላይ ቀጫጭን ክሮች ሲወራጩ አየ። ብናኝ አይወራጭም። ሕይወት ያለው ተውሳክ ነበር።

ከ17 ዓመት በኋላም መንገድ ያሳየው ያው ብናኝ ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1897 ሕንድ ውስጥ፣ ሴኩንደራባድ ላይ፣ ሮናልድ ሮስ የበሽተኛ ደም የጠጣች ክንፈ ዥንጉርጉር ትንኝ ሆዷን ከፍቶ ግድግዳውን ሲያይ፣ የትንኝ ያልሆኑ ክብ ሕዋሳት ተለጥፈው አገኘ። የወባ ተውሳክ መሆናቸውን ያወቀው በውስጣቸው ባለው ጥቁር ብናኝ ነው። የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ መሆኗን በ1898 ያረጋገጡት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ ናቸው። ሮስ በ1902፣ ላቨራን በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የጥቁሩ ብናኝም ምሥጢር ተፈታ። ተውሳኩ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ደሙን ቀይ የሚያደርገውን ሄሞግሎቢን ይመገባል፤ ብረት ያለበት ትርፍራፊ ስለሚመርዘው ግን ጥቁር ክሪስታል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስሙ ሄሞዞይን ነው። ጣፊያ ደግሞ የደም ወንፊት ነው፤ ያረጀ፣ የጠጠረ፣ የተበላሸ ሕዋስ በእሱ በኩል አያልፍም። ወባ የያዘው ሰው ጣፊያ በብዙ ሚሊዮን የተጎዳ ሕዋስ ይጫንበታል፤ ያን ለማጣራትና ለመዋጋት ሕዋሶቹን ያበዛል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል። በአዋቂ ሰው ከጭብጥ የማይበልጠው ዕቃ አንዳንዴ እስከ እምብርት ይወርዳል። ያን ጊዜ ትንሽ ምት እንኳ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ጣፊያው ያበጠ ልጅ ከግፊያና ከትግል ራቅ ይበል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ቆጠራው ሥርዓት ያዘ። በጣሊያንና በአልባኒያ የወባ ሥራ ላይ የነበረው አሜሪካዊው ሉዊስ ሃኬት በ1944 የጣፊያን እብጠት በስድስት ደረጃ ከፈለው። ልጁ በደንብ ቢተነፍስም ካልተዳሰሰ 0፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ብቻ ከተነካ 1፣ ከጎድን አጥንቱ ወርዶ እስከ እምብርቱ እኩሌታ ከደረሰ 2፣ ከእኩሌታው አልፎ እምብርቱን ካላለፈ 3፣ እምብርቱን ካለፈ 4፣ ከዚያም እጅግ ወርዶ ወደ ብሽሽት ከተጠጋ 5። በ1950 ካምፓላ ላይ የተሰበሰቡ የወባ ሊቃውንት ደግሞ ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን መለኪያ አደረጉ። ካንድ መንደር ልጆች መካከል ጣፊያቸው ያበጠው ከመቶ እስከ 10 ከሆኑ ወባው ቀላል፣ እስከ 50 ከሆኑ መካከለኛ፣ ከዚያ ካለፈ ከባድ። ከ75 በላይ ሆኖ የአዋቂዎቹ ጣፊያ ግን ያላበጠ ከሆነ፣ ያ መንደር ወባ ዓመቱን ሙሉ የማይለይበት ነው፤ አዋቂዎቹ በልጅነታቸው ደጋግመው ታመው፣ ከሞት የተረፉት ሰውነታቸው በሽታውን መቋቋም ለምዷል ማለት ነው።

ልጆች የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። አዋቂ ከአገር አገር ይዞራል፤ የት እንደታመመ አይታወቅም። ልጅ ግን ከመንደሩ አይርቅም። የእሱ ጣፊያ የሚመሰክረው ስለዚያው መንደር ነው።

ወሎ በዚህ መንገድ የተጠናው ከብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ቀድሞ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያናዊው የተውሳክ ተመራማሪ አውጉስቶ ኮራዴቲ በወሎና በየጁ የወባን ሁኔታ አጥንቶ፣ የዝናቡን ወቅት ጥናት በ1938፣ የደረቁን ወቅት በ1940 አሳተመ። የጁ ከቆቦ በስተደቡብ ያለ ጎረቤት ነው። ወባ በዝናቡና በበጋው አንድ እንዳልሆነ፣ አንድ ወር ላይ የተደረገ ቆጠራ ዓመቱን ሙሉ እንደማይናገር አስቀድሞ ያወቀ ሰው እንደነበር ሁለቱ ወቅቶች ለየብቻ መጠናታቸው ይነግረናል።

ከዚያ የ1950ዎቹ ሙከራ መጣ። በ1955 ሜክሲኮ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ወባን ከምድር ገጽ ለማጥፋት ወስኖ ነበር። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ግን፣ ከጥቂት አገሮች በቀር፣ ከዕቅዱ ውጭ ቀረ፤ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የዘመቻው መሣሪያ ዲዲቲ የተባለ ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ነበር። ርጭት ሲኖር ባለቤቶቹ እህሉን፣ ማድጋውን፣ መኝታውን ወደ ደጅ ያወጣሉ፤ ረጪው ፓምፑን በትከሻው አንግቶ ከጣሪያ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ጣሪያ እያለ ግድግዳውን ያዳርሳል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ግራም ገደማ በቂ ነው። ውኃው ሲደርቅ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ደም ጠጥታ የከበደች ትንኝ ለማረፍ እዚያ ትለጠፍና ትሞታለች። የተመረጡት ቦታዎች ሙከራ ርጭት ወባን እንደሚገታ አሳየ። በ1959 መንግሥት አገር አቀፉን የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት አቋቋመ።

የጣፊያው ታሪክ እዚህ ላይ በድል የሚያበቃ ይመስላል። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ከመቋቋሙ አንድ ዓመት በፊት ሌላ ነገር ደርሷል።

ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ 1958፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ክረምት እስከ 1951 መጀመሪያ፣ ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ ላይ ወባ አመጣ። የተመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነው፤ ወባን በወሬ እንጂ በገላው የማያውቅ። ፎንቴይን፣ ናጃርና ፕሪንስ የተባሉ ባለሙያዎች በ1961 ባሳተሙት ጥናት 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 ሰው እንደሞተ ገመቱ። እህል ማሳ ላይ ቀረ፤ በየቤቱ አስታማሚው ራሱ ታማሚ ሆነ።

በዚያ አገር ከወረርሽኙ በፊት የልጆች ሆድ ቢዳሰስ ኖሮ መዝገቡ በ0 የተሞላ ይሆን ነበር። በካምፓላው መለኪያ ከተሄደ ወባው ቀላል የሆነበት፣ የማያሳስብ አገር ነው። የተገደለው ግን ያ አገር ነው። ጣፊያቸው ያላበጠው ወባ ስላልደረሰባቸው እንጂ ወባን ስለሚችሉት አልነበረም። መለኪያው የሚናገረው ያለፈውን ነው፦ በዚህ መንደር ስንት ጊዜ ወባ እንደገባና ሰዉ ምን ያህል እንደተላመደው። የሚመጣውን አይናገርም። ያበጠ ጣፊያ የበዛበት መንደር ልጆቹን በየዓመቱ ይቀብራል፤ ጣፊያ ያላበጠበት መንደር ግን ለዓመታት ምንም ሳይሆን ኖሮ አንድ መጥፎ ዓመት ሲመጣ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ያልቃል።

ልዩነቱን የሚያመጣው የሙቀት መጠን ነው። ዋናው ገዳይ ተውሳክ ፋልሲፓረም ትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ በ25 ዲግሪ 12 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ ግን አራት ሳምንት ይፈልጋል። ያን ያህል የምትቆይ ትንኝ ጥቂት ናት። ስለዚህ ደጋው በተለመደው ዓመት ይድናል፤ ሙቀቱ በሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ሲል ግን ትንኟ ሳትሞት ተውሳኩ ይደርሳል። ቆቦ የምትገኘው በሁለቱ መካከል ነው። እንደ ጋምቤላ ወባ ዓመቱን ሙሉ አይኖርባትም፤ እንደ ደጋውም ለብዙ ዓመት ርቋት አይቆይም። በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል፤ አንዱ ዓመት ይበረታል፣ ሌላው ይቀላል። የሰዉ መከላከያም እንዲሁ ግማሽ ነው፤ ጥቂት ደህና ዓመታት ሲያልፉ ይሳሳል። በዚህ አገር ወባ ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን አራሹን አባወራም የሚጥለው ስለዚህ ነው። በ1984 እና በ1985 ከድርቁ ሸሽተው በሠፈራ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ የተወሰዱ የወሎ ሰዎችም ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ሰውነታቸው ያልለመደው ወባ።

ጣፊያ ሌላም ማሳሳቻ አለው። ከ2005 ቀደም ብሎ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ይተኩሳቸው፣ ይከሱና ግራ ጎናቸው ያብጥ ጀመር። ጣና ዳር ነው፤ ወባ ያለበት አገር ነው። የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልተሻላቸውም። መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ፤ ታይፎይድም፣ ሳንባ ነቀርሳም ተጠረጠረ። በግንቦት 2005 ምርመራ ተደርጎ የተገኘው ካላዛር ነበር። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ እስከዚያ ድረስ በሽታው የሑመራና የመተማ ቆላ በሽታ እንጂ የሊቦ ከምከም አይባልም ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የሕክምና ማዕከል ተከፍቶ ብዙ ሕይወት ተረፈ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የሞተው ብዙ ነው።

ይህ ስሕተት የአገራችን ሐኪሞች ብቻ አልነበረም። ሕንድ ውስጥም ካላዛር ለብዙ አሥርት ዓመታት ኪኒን የማይበግረው ወባ ተደርጎ ሲታከም ኖሯል። የተለየው በ1903 ነው፤ ዊሊያም ሊሽማን በሞተ ወታደር ጣፊያ፣ ቻርልስ ዶኖቫን ማድራስ ላይ በበሽተኞች ጣፊያ ውስጥ ያገኙትን ከወባ የተለየ ተውሳክ ባሳወቁ ጊዜ። ተውሳኩ ዛሬ የሁለቱን ስም ይዟል። ቢልሃርዚያም ጉበትን አጎሳቁሎ ጣፊያን ያሳብጣል፤ በሽታው ራያ ውስጥ በአላማጣ አካባቢም ተገኝቷል። ታይፎይድም ጣፊያ ያሳብጣል። ከብት ታርዶ ጣፊያው ከልክ በላይ ያበጠና የጠቆረ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ነገሩ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ሥጋው አይነካም። አንድ እብጠት ብዙ ፍቺ አለው። ደምፕስተር የተሳካለት የአንዱን ሰው ጣፊያ ስለተረጎመ አይደለም፤ መንደርን ከመንደር ስላነጻጸረ ነው። አልጋ ላይ የተኛውን አንድ በሽተኛ ግን በቆጠራ ማከም አይቻልም፤ ደሙ መታየት አለበት።

ስለዚህ ዳሰሳው ቀስ በቀስ ለደም ምርመራ ቦታውን ለቀቀ። ዛሬ ቆቦ ዙሪያ ባለ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወባ መሆን አለመሆኑን፣ ፋልሲፓረም ይሁን ሌላው የወባ ተውሳክ ቫይቫክስ ትለያለች። የፋልሲፓረም መድኃኒትም ተለዋውጧል፤ ክሎሮኪን በ1998 ለፋንሲዳር፣ ፋንሲዳር በ2004 ለኮአርተም ቦታቸውን ለቀቁ። ዲዲቲም ትንኟ ስለለመደችው ቀርቷል፤ ግድግዳው አሁን የሚረጨው በሌላ ኬሚካል ነው፣ ከእሱም ጋር አጎበር አለ። በ1969 የዓለም ጤና ድርጅት ወባን በአንዴ የማጥፋቱን ዕቅድ ሲተው ኢትዮጵያም በኋላ «ማጥፋት» የሚለውን ትታ ወደ «መቆጣጠር» ተሻገረች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቁጥሩ ለዓመታት እየቀነሰ መጣ፤ ወባን እስከ 2030 የማስወገድ ዕቅድም ወጣ።

ከዚያ ተመልሶ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል። በአገሪቱ የተካሄደው ጦርነት የጤና ተቋማትን አዳክሟል፤ ርጭትና የአጎበር ሥርጭት በየቦታው ተቋርጧል። በዚህ ላይ አዲስ ትንኝ ገብታለች። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በኋላ በተደረገ አሰሳ ከምሥራቁ ከተሞች ሌላ ወሎ ውስጥ ባቲ ላይም ታየች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። አራቢየንሲስ የዝናብን ኩሬ ትጠብቃለች፤ ስቴፈንሲ ግን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ይበቃታል። ለእሷ በጋም ወቅት ነው፤ ከተማም መንደር ነው።

ቆቦም የ1950ዎቹዋ ቆቦ አይደለችም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይመረታል። ድርቅ ለሚደጋገምበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደምፕስተር በ1847 ያስረዳው ግን እዚህም ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚመጣው መስኖ በመኖሩ ሳይሆን ውኃው ማሳው ዳር ተኝቶ ሲቀር ነው። የሚያፈስ ቱቦ፣ ያልተደፈነ ጉድጓድ፣ የተዘጋ መውረጃ በደረቁ ወር ለትንኝ መጠጊያ ይሆናሉ። ቱቦውን የሚጠግነው የመስኖ ኮሚቴና ስላይድ የሚያነበው የላቦራቶሪ ባለሙያ በአንድ ሥራ ላይ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተገናኝተው አይነጋገሩም።

አሁን ጤና ኬላዎች በየሳምንቱ የወባ ሕመምተኞችን ቁጥር ይልካሉ። ቁጥሩ ካለፉት አምስት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ይነጻጸርና ከወሰኑ ካለፈ ወረርሽኝ ነው ይባላል። በአሠራሩ የደምፕስተር ዘዴ ነው፤ ጣፊያው ቀርቶ ደም ገባ፣ መንደርን ከመንደር ማነጻጸሩ ደግሞ ሳምንትን ከሳምንት ወደ ማነጻጸር ተለወጠ። የ1958ቱ ትምህርት ግን ለዚህም መዝገብ ይሠራል። ሪፖርቱ ለተከታታይ ዓመታት ዝቅ ብሎ ሲቆይ በጀቱ ይቀንሳል፣ ርጭቱ ይዘገያል፣ አጎበሩ የእህል መሸፈኛ ይሆናል፤ የሰዉ መከላከያም በዚያው መጠን ይሳሳል። ቆቦን ለመሰለ አገር አጎበር የሚታደስበት፣ ውኃ የሚፋሰስበት፣ ግድግዳ የሚረጭበት ትክክለኛ ጊዜ ወባ የለም ተብሎ የተጻፈበት ዓመት ነው።